ውሻዋን በማን ስም እንጻፍ?

«እንስሳ እወዳለሁ» የሚል ሰው አይመቸኝም። ወዶ ምን አደረገ? ነው የኔ ጥያቄ። ነቀምቴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ፊቷ ወደ መንገድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። ስንቱ ይቺን ውሻ «ወይኔ፣ ስታሳዝን!» ብሎ በእግሩ ገፋ አድርጓት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህን የምለው ራሴን ለመካብ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም የባስኩት እኔ ሆኜ ተገኝቻለሁ።

ውሻዋ የመጣችው አምና ክረምት ነው። አንድ ምግብ ቤት ደጅ አጥንት ስትለቅም የፈላ ውሃ ደፍተውባት ጀርባዋ ተልጦ ነበር። ከሱቄ በረንዳ ሥር ገብታ ተኛች። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ያየኋት ሞታ እንዳትሸተኝ ፈርቼ ነው። ስታየኝ ግን ጅራቷን ሁለቴ መሬት ላይ መታ መታ አደረገች። እንደዚያ ተቃጥላ ሰላም ትለኛለች! ደሜ ፈላ። ሥራዬን ጥዬ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩና ሐኪሙን ቅባት ጠየቅኩት። «ለላም ነው ለበግ?» አለኝ። «ለውሻ» ስለው ሳቀ። አፍጥጬ ሳየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት ቁስሏን በጨው ውሃ እያጠብኩ እቀባት ጀመር። ወር ከምናምን ቆይቶ ጠጉሯ ብቅ ብቅ አለ።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሁሉ ሆነች። ባለ ሥጋ ቤቱ አጥንት ይጥልላታል። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጎረቤቴ ናቸው፣ ዳቦ ሲገዙ ጫፉን ቆርሰው ይሰጧታል። እናቴም አለችበት። እናቴ ሙስሊም ናት፤ ውሻ ደጇን አልፎ አይገባም፣ ዕቃዋንም አይነካም። ግን የቆርቆሮ ክዳን ለብቻ አበጅታላት፣ ምሳ ስናቀርብ መጀመሪያ የእሷን ታወጣለች። «ነፍስ አይደለች እንዴ» ትላለች፣ ሌላ ትንታኔ የለም። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከልም ውሻዋ ማንም ሳይጠራት ሄዳ ደጁ ላይ ትተኛለች። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ንቅንቅ የለም።

መስከረም ላይ ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለ። ከተማው ተሸበረ። ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ በመጪው ቅዳሜ ሳምንት መርዝ ሊሰጠው ተወሰነ፤ ባለቤት ያለው ተከትቦ፣ ተመዝግቦ፣ ታስሮ ይቀመጥ ተባለ። ሐሙስ ዕለት አንድ መዝጋቢ ወረቀት ይዞ በራችን መጣ።

«አካም ኦልታን፣ አዴ።»

«ነጋ» አልኩት፤ እንዴት ዋሉ ወይዘሮ ሲለኝ፣ ደህና ማለቴ ነው።

ውሻዋ እግሬ ሥር ተኝታ ነበር። በእስክሪብቶው አመለከታት። «ሰሬን ኩን ካን ኤኙቲ?» ይቺ ውሻ የማናት ማለቱ ነው።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልናገር። ግድግዳው ላይ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል። ነገ አንዷ ደንበኛ «ውሻ የሚያድርበት ቤት ነው ያሰፋሁት» ብትልስ? አንዱን ብትነክስ ማን ሊከሰስ ነው? እኔ፣ በሰው ግፍ ስንጨረጨር የከረምኩት ሴትዮ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላውቃትም» አልኩ።

ሰውየው ሥጋ ቤቱ ጋ ሄደ። ባለ ሥጋ ቤቱ «እኔ አጥንት ነው የምጥለው እንጂ ውሻ አላሳድግም» አለው። ቀጥሎ ያለው ቤትም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም የእኛ አይደለችም አሉ። ሰፈር ሙሉ ያበላት ውሻ አንድ ባለቤት አጣች። ሰውየው አንድ መስመር ጽፎ ሄደ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩና የሱሪ ዚፕ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት፤ እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት። እሷ እቴ፣ ምን አውቃ፣ ተዘርግታ ተኝታለች።

ሁለት ቀን ሲበላኝ ቆይቶ መላ የመጣልኝ መሰለኝ። እሑድ የእድር ስብሰባ አለ። የእኛ እድር ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው፤ ሞት ሃይማኖት አይመርጥም። ዳኛ የምንላቸው ሰብሳቢ ሌላ ነገር ካለ ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«ውሻዋን በእድሩ ስም እናስመዝግባት።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል ነበር፤ የዘንድሮው ከጠባም በኋላ አላለቀም» አሉ።

እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ነው ምላሴ የሚፈታው። «ድንኳኑ የማነው? የእድሩ። ብረት ድስቱ? የእድሩ። አግዳሚ ወንበሩስ? የእድሩ። ውሻስ ከወንበር ታንሳለች? ለቀስተኛ ሲሳሳ ሦስት ቀን ከድንኳኑ ደጅ የማይጠፋው ማነው? እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ለቅሶ ቀርቶ ተቀጥቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ!»

ማንም እጁን አላወጣም። ከሴቶቹ በኩል «እውነቷን ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ተነሳ። «ብትነክስስ? እድሩ ሊታሰር ነው?»

«ትከተባለቻ! ክትባቱ ክሊኒክ አለ። ይቺን ገድለን ነገ ያልተከተበ ውሻ ከሌላ ቦታ ቢመጣ ምን ተጠቀምን? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ስትሉ አልነበር? ይኸው ሎሚዋ!»

አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ መምህሩ ቀስ ብለው ተነሱ። ሰው ላይ አይጮሁም፤ ቁጣቸውም እንደ ምክር ነው።

«ልጄ» አሉ፣ «ያ መዝጋቢ ሲጠይቅሽ አጥሬ ሥር ቆሜ ነበር። አላውቃትም አልሽው። እኔም ቤቴ ሲመጣ እንደ አንቺው ብያለሁ፣ አልደብቅም። ግን አንቺ ያስታመምሻት ያልወሰድሻትን፣ እድሩ እንዴት ብሎ ይውሰድልሽ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ዋሽቻለሁ» አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ዳኛው ጣልቃ ገቡ። «መልካም፤ ስህተት ያለ ነው። እድር ለሰው የተቋቋመ ስለሆነ ውሻ በእድር ስም መጻፍ ያስቸግረናል። አሁን ግን እኛ ምስክርሽ ነን፣ በስምሽ እንጻፍና ለቀበሌ ደብዳቤ እንስጥሽ። እንጻፍ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቀላል ነበር እኮ! አንድ «አዎ» ነው። ያ ነጭ ቀሚስ ግን ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። አፌ ተሳሰረ። አሁንም ድረስ ሳስበው የሚያመኝ የመጀመሪያው ውሸት አይደለም፤ ይሄኛው ዝምታ ነው።

«በኔ ጻፉት» አለ አንድ ድምፅ ከሴቶቹ በኩል።

እናቴ ናት። ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሳች። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

«አዴ፣ እርስዎ ውሻ…» አሉ ዳኛው፣ ግራ ተጋብተው።

«አውቃለሁ፣ ኦቦ። ቤቴ አላስገባትም፣ ደጄ ላይ ትኖራለች። በኔ ጻፉት።» ወደ ሰዉ ዞር አለች። «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ስንመጣ እናት አባቴ መንገድ ላይ አለቁብኝ። የሰፈራው መኪና ነቀምቴ ሳይደርስ አኖ ላይ ቆመ። ትኩሳት ይዞኝ ስለነበር ከመኪናው አወረዱኝና ‹ይቺ ልጅ የማናት?› ብለው ጠየቁ። ሰው ዝም አለ። አብረውን የተሳፈሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ወላሂ ክፋት አልነበራቸውም፤ ሁሉም የራሱን ልጅ ታቅፏል። ሁለተኛ ጠየቁ። አሁንም ዝም። ያኔ መንገድ ዳር ቅቅል በቆሎ የምትሸጥ አንዲት የዚህ አገር ሴት ብድግ አለችና ‹ኢንታለ ኮቲ› አለች። ልጄ ናት አለች። አይታኝ እንኳ አታውቅም። እኔ ደግሞ ቋንቋዋን አላውቅም፤ እጄን ስትይዘኝ ነው የገባኝ። እናንተ ጉዲፈቻ ትሉታላችሁ። እኔን ያቆመኝ ያ ነው። እና ‹የማናት› ተብሎ ሲጠየቅ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ልስማ?»

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉና እስክሪብቶ ለጸሐፊው አቀበሉት። መምህሩ መሬት መሬት ያያሉ።

ያቺን ሴት አውቃታለሁ። አኮ እያልኩ፣ አያቴ እያልኩ ያደግኩት በእሷ ጉልበት ላይ ነው። ጴንጤ ነበረች፤ እናቴን ግን ሶላቷን እንዳትረሳ ብላ የወሎ ሰው ፈልጋ አስተምራታለች። እንዳሳደገቻት ሁሉም ያውቃል። የመኪናውን ነገር፣ ሁለቴ ተጠይቆ ሁለቴ ዝም መባሉን ግን ያን ቀን ሰማሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላዋ እየተከተልኩ አለቅስ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሰው ዝም ማለቱን።»

«እነሱን አላማቸውም» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «የፈራ ሰው ዝም ይላል። አንቺም ፈርተሽ ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ውሻዋን ክሊኒክ ወስጄ አስከተብኳት። ካርዱ ላይ የእናቴን ስም አጻፍኩ። ከቀሚስ ትራፊ ቀይ ጨርቅ ደርቤ ሰፍቼ አንገቷ ላይ አሰርኩላት፤ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከመኪናዬ እግር ጋር ታስራ ዋለች። ከሰዓት በኋላ የሞቱትን ውሾች የጫነ ጋሪ በሱቄ ፊት አለፈ። ቆጥሬ ለመጨረስ አልደፈርኩም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቡችሎች ወስጃለሁ፤ በራሴ ስም፣ መዝጋቢው ሳይጠይቀኝ ቀበሌ ሄጄ አጽፌ። ደንበኛ ከቀረ ይቅር፤ አንድም አልቀረም።

ሰው ግን አሁንም በበረንዳዬ ሲያልፍ ያቺን ጀርባዋ ጠባሳ የሆነውን አይቶ «የማናት? ያንቺ ናት?» ይለኛል።

«የእናቴ ናት» እላለሁ። የኔ እንድላት ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ነበር።