ከጣሊያኑ ጋር የተቆራኘሁበት እሑድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ነው። ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጅ ያየሁ አሮጊት ነኝ። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይመስል ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንደሆነው ነው። ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ ስለፈራሁ ወይም ስላፈርኩ አይደለም። በአደባባይ ተፈርዶልኝ ፍርዴን ስለተቀማሁ ነው።

ቤታችን ኮልፌ ነበር። ኮልፌ ያን ጊዜ እንዲህ ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት ሰፈር አልነበረም፤ ባሕር ዛፍና ግጦሽ፣ አልፎ አልፎ ጎጆ ነው። አባቴ ከጦርነቱ አልተመለሰም። የተወልን ሸጋ የምትባል አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። እናቴ በእሷ ጭራሮና ሣር እየጫነች ከተማ ወስዳ ትሸጥ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የጣሊያን ወታደር ሁለት ባንዶች አስከትሎ መጣ። ለመንገድ ሥራ ትፈለጋለች ብለው ሸጋን ከደጃችን ፈተው ወሰዷት። ወረቀት አልሰጡንም። መቼ እንደሚመልሷትም አልነገሩንም። ከዚያ ወዲህ ጭራሮውን የምትሸከመው እናቴ ሆነች። በጥቂት ወራት ውስጥ ወገቧ ጎበጠ። ከገበያ ስትመለስ ቀና ማለት ያቅታትና ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። እኔ ልሸከም ስል አጥንትሽ ገና አልጠናም ብላ ትከለክለኛለች። በቅሎዋ ካልተመለሰች እናቴ ሌላ በጋ አትሻገርም ብዬ እፈራ ነበር።

በዚያ እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ከተማ ላሳይሽ ብለው ይዘውኝ ወጡ። እትዬ ደስታ የጣሊያኖች ልብስ አጣቢ ስለነበሩ ከተማ ውስጥ አዲስ ነገር ሲመጣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድመው ይሰማሉ። ጣሊያንኛም እየሰባበሩ ይናገራሉ። በመሳለሚያ አድርገን፣ ጣሊያን ለሐበሻ ብሎ በከለለው በአዲሱ ገበያ አልፈን አራዳ ደረስን።

ሬንጅ የፈሰሰበትን መንገድ ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። በጋሪ የሚዞር ጄላቲ አየሁ፤ ትልልቅ ሰዎች በአደባባይ እየላሱ ሲሄዱ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እትዬ ደስታ ደግሞ በአንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ ቆማ ለምታይ ሴት እጅ ነሡ። ሴትየዋ አልመለሰችም። ደግመው ነሡ። አሻንጉሊት ናት እኮ ብዬ ነገርኳቸው።

«ብትሆንስ?» አሉ ተቆጥተው። «አሻንጉሊት ከሠሩ አይቀር ጨዋ አይሠሩም?»

ከዚያ ሁሉም ሰው ወደሚያወራለት ሜዳ ሄድን። እንደ ትልቅ ጃንጥላ የተዘረጋ ሸራ አለ። ከሥሩ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ፈረሶች በክብ ተደርድረዋል። የፈረንጅ ልጆች ይቀመጡባቸውና ሸራውም ፈረሶቹም አብረው ይዞራሉ። ሙዚቃ የሚያሰማ ሳጥንም ነበረው። ዙሪያውን ገመድ ተወጥሯል፤ ሐበሻ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ያያል እንጂ አይገባም። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር የማየው።

ምን እንደሚያዞረው ለማወቅ ጎንበስ ብዬ በፈረሶቹ እግር መካከል ተመለከትኩ። ዓይኗ በጆንያ የተሸፈነ በቅሎ ከመካከለኛው ምሰሶ ጋር በግንድ ተጠምዳለች። አንድ ሰው ከጎኗ እየሄደ ይነዳታል። ግንዱ ሲከብዳት የግራ ጆሮዋን ትጥላለች። ሸጋ የኮልፌን ዳገት ስትወጣ እንደዚያ ታደርግ ነበር። አንድ ዙር ጠበቅኋት። ዞራ ስትመጣ «ሸጋ» ብዬ ተጣራሁ። የጣለችውን ጆሮ አቃናች።

ለእትዬ ደስታ ስነግራቸው ክንዴን ለቀም አደረጉኝ። ዝም በይ፣ እዚሁ ያስቀሩሻል አሉኝ። እጃቸውን አስለቅቄ ከገመዱ ሥር ሾልኬ ገባሁ።

እዚህ ላይ የዛሬ ልጆች የማያውቁትን ነገር ልንገራችሁ። ቀድሞ የተበደለ ሰው በዳዩን መንገድ ላይ ቢያገኘው «በሕግ አምላክ» ይለዋል። ያን የሰማ ሰው እግሩን አያነሣም። ከሳሹ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጋር ይቋጥራል፤ ተቆራኙ ይባላል። ከዚያ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሽማግሌ ዳኛ ያደርጋሉ። ሽማግሌውም ሥራ አለብኝ ብሎ አያልፍም። በንጉሥ አምላክ ማለትም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ንጉሥ ብሎ አፍን መክፈት ያሳስራል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ነው ያደግሁት። ጣሊያን ይህን እንደማያውቅ ግን አላሰብኩም ነበር። ሕግ ሲጠራ የትም አገር ያለ ሰው ሁሉ የሚቆም ይመስለኝ ነበር።

የፈረሶቹ ባለቤት የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ቦርጫም ጣሊያን ነበር። ፊቱ ቆሜ «በሕግ አምላክ» አልኩት። የነጠላዬን ጫፍ በኮቱ የቁልፍ ቀዳዳ አስገብቼ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። እሱ ሳቀ። ፈረስ ላይ ልውጣ ብዬ የምለምነው መስሎት በጣቱ ወደ ገመዱ አሳየኝ።

በቅሎዋን የሚነዳው ሰው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። እሱ ሲቆም ሸጋ ቆመች፤ ሸጋ ስትቆም የእንጨት ፈረሶቹ ሁሉ ቆሙ። የፈረንጅ ልጆች ማልቀስ ጀመሩ። ጣሊያኑ ጮኸ፣ ደወል ደወለ። ሰውየው አልተነቃነቀም። የተቀደደ የወታደር ካፖርት የለበሰ ቀጭን ሰው ነው። ስሙ ኦላና መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ሕግ ተጠርቷል» አለ በአማርኛ፣ ነጠላዬን በአገጩ እያመለከተ።

ጣሊያኑ ሸጋን ራሱ ሊጎትታት ሄደ፤ እኔም ተቆራኝቻለሁና አብሬው ሄድኩ። ሸጋ አራት እግሯን ተክላ እምቢ አለች። ከገመዱ ውጭ ያለው ሰው በአንዴ ሳቀ። እትዬ ደስታም በገመዱ ሥር እየዳኹ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ከገባሽ አይቀር ብቻሽን አትሞቺም» አሉኝና ለጣሊያኑ ነገሩን ሁሉ ማስረዳት ጀመሩ።

ከቆመው ሰው መካከል ጥቁር ካባ የደረቡ፣ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ አየሁ። «በሕግ አምላክ፣ ይዳኙኝ አባቴ» አልኳቸው። ሽማግሌው ገመዱን ጥቂት ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው ገቡና ካባቸውን አስተካክለው ቆሙ።

ጀርባዬን ለበቅሎዋ እንድሰጥ አዘዙኝ። ምልክቷን ሳታይ ተናገሪ አሉኝ። በቀኝ የኋላ እግሯ ብሽሽት ላይ እንደ መስቀል የተተኮሰ ጠባሳ አላት፤ ውርንጭላ ሳለች ሲያብጥባት አባቴ ነው የተኮሳት አልኩ። ኦላና ጎንበስ ብሎ አየና «አለ፣ መስቀል ነው» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩ።

ጣሊያኑ በእትዬ ደስታ አፍ ከአንድ ወታደር እንደገዛት ተናገረ። ሽማግሌው የፈረዱት እንዲህ ነው፦ በቅሎዋ የልጅቷ መሆኗ በምልክት ተረጋግጧል። ገዛሁ የሚለው ሰው የሸጠለትን ያምጣ። እስኪያመጣ ድረስ በቅሎዋ በዋስ እጅ ትቆይ። ከዚያ ጣሊያኑን ዋስ ጥራ አሉት።

እትዬ ደስታ ሲያስረዱት ጣሊያኑ ደረቱን ነፍቶ መለሰ። «ዋሴ መንግሥቴ ነው ይላል» አሉ።

«ይጥራውና እዚህ መጥቶ ይቁምለት» አሉ ሽማግሌው።

ማንም አልመጣም። ሽማግሌው እስኪበቃቸው ከጠበቁ በኋላ ለበቅሎዋ ዋስ የሚሆን አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ኦላና የሸጋን ልጓም በእጁ ጠቅልሎ «እኔ ዋስ ነኝ» አለ።

በመንግሥቱ ፈንታ የመጣው ዘበኛ ነበር። መሣሪያ የታጠቀ የጣሊያን ፖሊስ ሰዉን እየገፋ ገባ። ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ፤ አቃተው። ልቁረጠው ብሎ ጩቤ ሲያወጣ የፈረሶቹ ባለቤት ራሱ ከለከለው። በኋላ እትዬ ደስታ እንደነገሩኝ፣ አለቃው የተሠራበትን ግፍ በዓይኑ እንዲያይለት ፈልጎ ነው። ኮቱንም አላወለቀም። እንደተቆራኘን ወደ ጣቢያ ሂዱ ተባልን።

በዋናው መንገድ በሬንጁ ላይ ሄድን። የሱቁ ባለቤት ከሱቁ ወጣ። ጄላቲ የሚልሱት መላሳቸውን ተዉ። ፎቅ ላይ መስኮቶች ተከፈቱ። እኛ ከተማ ልናይ መጥተን ከተማው እኛን ሊያይ ወጣ። ጣሊያኑ ቶሎ ለመድረስ ይፈጥናል፤ እኔ ቀስ እላለሁ። ሲጎትተኝ ጭራሽ እቆማለሁ፤ ስቆም እሱም ሳይወድ ይቆማል። ከኋላ ኦላና ሸጋን እየሳበ፣ ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይከተላሉ። እትዬ ደስታ ፍርሃታቸው ለቋቸው ላገኙት ሁሉ «ከኮልፌ ናት፣ ከኮልፌ ናት» ይላሉ።

አለቃው ሲያየን ፊቱ በርበሬ መሰለ። የተቆጣው ግን መጀመሪያ በጣሊያኑ ላይ ነበር። አንተ ነጭ ሰው ሆነህ በዚህች ልጅ ታስረህ በአደባባይ እንዴት ትሄዳለህ ብሎ አፈጠጠበት። የበቅሎዋን ወረቀት ጠየቀው። ወረቀት የለውም። መቀስ አስመጥቶ ነጠላዬን ቆረጠው። የእንጨት ፈረሶቹ ይዘጉ፣ በቅሎዋ ለጦሩ ትሰጥ፣ ልጅቷ ስድስት ትገረፍ ብሎ አዘዘ። ወረቀት ከሌለው የማን ናት ብሎ አልጠየቀም። እኔን አንድም ቃል አላናገረኝም።

ሽማግሌው ሊናገሩ ሲሉ በሰደፍ ገፏቸው። ከበሩ ሳይወጡ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በቅሎዋ የልጅቷ ናት» አሉ። ሁለተኛ ሲገፏቸውም ያንኑ ደገሙት። ከዚያ ወዲህ አግኝቻቸው አላውቅም።

ስድስቱን ተገረፍኩ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው፤ ይቅር በሉኝ ግን አላልኩም። ኮልፌ ስንደርስ እናቴ ጀርባዬን በለብታ ውኃ እያጠበች አዳመጠችኝ። ስጨርስ «ሸጋ ከስታለች?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኦላና ደጃችን ላይ ቆሞ አገኘነው። በእትዬ ደስታ በኩል ቤታችንን ጠይቆ ነው የመጣው። እናቴን ሰላም ብሎ ጭነቱ የታለ አላት። የምን ጭነት ብላ ግራ ገባት። የበቅሎዋ ዋስ እኔ ነኝ፣ በእጄ ሳለች ነው የሄደችው አላት። እናቴ ተለማመጠችው። የወሰዳት መንግሥት ነው፣ አንተ ምን አደረግህ አለችው።

«መንግሥት ዋስ ሲጠራ አልቆመም፣ እመቤቴ» አለ። «የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ጭራሮውን በጫንቃው አንሥቶ ወጣ። የሚኖረው ከሳንሱሲ ወዲያ ነበር፤ ከዚያ ድረስ በእግሩ እየመጣ በየገበያው ቀን ሸክማችንን ከተማ አደረሰ። እንጀራ ስናቀርብለት ይቀምሳል፣ ምስጋና ስናበዛ ግን ይቆጣል። ክረምቱ እስኪያልፍ እናቴ አልተሸከመችም። ወገቧ ቀስ በቀስ ቀና አለ።

መስከረም ላይ ከወንድሙ ቤት አንዲት የአህያ ውርንጭላ እየነዳ መጣ። ከባሕር ዛፉ ሥር አሰረልንና ዋስነቴ እዚህ ላይ ይብቃ አለ። እናቴ አገጩን ስማ ልትመርቀው ስትል እኔ ጣልቃ ገባሁ።

«ጋሼ፣ የተወሰደብን በቅሎ ነው» አልኩት። «ይህች አህያ ናት።»

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ኦላና ግን ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ልክ ነሽ» አለኝ። «የቀረውን ከጣሊያን ተቀበይ።»

ጣሊያን ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ከአገራችን ወጣ። እናቴ ሦስተኛ ልጄን እስክታቅፍ ኖራ ነው የሞተችው። ሸጋ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ሳወራ ሰፈሬ ያሉ ወጣቶች እማማ፣ አሁን እንኳ ይተዉት፣ ያረጀ ነገር ነው ይሉኛል። የኦላናን ሥራ እንደ ደግነት አድርገው ሲያወሩትም እቆጣለሁ። ደግ ሰው ነበር፤ እሱ ያደረገው ግን ያለበትን መወጣት ነው። በዚያ ቀን ዋስ ሲጠራ የቆመው አንድ እሱ ነበር፤ ያንን በደግነት ስም ማሳነስ አልወድም።

ጣሊያን ያለበትን ዕዳ ግን አልተውኩትም፣ አልተውምም። ውርንጭላዋን አስቤላቸዋለሁ። አህያ ከበቅሎ ተቀንሶ የቀረው አሁንም የኛ ነው።