ማሲንቆ የሆነው ኪቦርድ

ዛሬ ሱቄ ውስጥ አንድ ደንበኛ አሮጌ ኪቦርድ ሲሞክር የደወል ድምፅ አወጣ። እኔም ዋጋ መከራከሬን ትቼ፣ ድሮ ቀራንዮ ሰፈር እህቴ የተዳረችበት ድንኳን ውስጥ በሐሳብ ገባሁ።

ማሲንቆ መቺው ቀርቷል፤ ሌላ ሰርግ ሳያገኝ አልቀረም። ከጎጃም የመጡት የሙሽራው አባት፣ "ማሲንቆ ሳልሰማ አልነሳም" ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ካልተነሱ የሙሽራው ወገን አይጨፍርም። እናቴን ላብ አጠመቃት።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ጋሼ ሙሉ ቁልፎቹን ይነካኩ ጀመር። መጀመሪያ ደወል ወጣ፣ ቀጥሎ ንብ፣ ከዚያ የታመመ በግ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው።

"አንዱን ድምፅ በሌላው እየነቀነቅኩት ነው፣ የኔ ልጅ። ሲነቀነቅ ፀባዩ ይለወጣል። እንደ ትዳር በይው።"

ድምፁም ትዳሩም አልገባኝም።

ድንገት በጉ ዳነ። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፋተግ የሚሰማው ሻካራ የማሲንቆ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው።

"የታባቱ! ይሄስ የአገሬ ልጅ ነው!" አሉ ሽማግሌው። ከእግራቸው በፊት ትከሻቸው ተነሳ። ወገኑ ሁሉ ተከተላቸው፤ እናቴ እልልታውን አቀለጠችው።

ደንበኛዬ ዋጋውን ደግሞ ጠየቀኝ። ፈገግ ስል አይቶ የምቀንስለት መሰለው።

ጨመርኩበት።