ውሃ ውስጥ ያልፈረሰው ክኒን

ረሂማ ሰው ታምናለች። ጥፋቷ ይኸው ነው፤ ሌላ ብትፈልጉ አታገኙባትም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ካንዲት ትንሽ የክኒን መሥሪያ ቤት ዱቄት ታደባልቅ ነበር። ከዱቄቱ አንዱ ስታርች የሚሉት፣ ከበቆሎ የሚወጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ እሱም ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ እንደ ሙቅ ተሠርቶ መድኃኒቱን ያጣብቃል፤ ግማሹ ደግሞ ደረቁን መጨረሻ ላይ ይነሰነሳል። ሆድ ውስጥ ውሃ ሲያገኘው አብጦ ክኒኑን የሚያፈርሰው ይሄ ደረቁ ነው። እሱ ከጎደለ ክኒኑ እንደ ጠጠር ገብቶ እንደ ጠጠር ይወጣል።

ስታርቹን መዝና የምትሰጣት ፀሐይነሽ ነበረች። ሁለቱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ተከራይተው ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት በአንድ አውቶቡስ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ረመዳን ሲገባ ፀሐይነሽ ለረሂማ ማፍጠሪያ ሾርባ ትጥዳለች፤ ሁዳዴ ሲፈታ ረሂማ ለፀሐይነሽ ሽንኩርት ትከትፋለች። እህትማማች ናቸው ያለ አልተሳሳተም።

ታዲያ የፀሐይነሽ እህት በረሃቡ ሞተችና ትንሿ ልጇ ገበያነሽ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ መጣች። ፀሐይነሽ ከደረቁ ስታርች እየዘገነች መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ መውጣት ጀመረች። ረሂማ አየቻት።

«እህቴ፣ በምትወጂው ነቢ ይዤሻለሁ፣ አታጋልጪኝ!»

«ወላሂ ከአፌ አይወጣም።»

እሳቱን አንድዳ የስታርቹን አጥሚት ያማሰለችው ረሂማ፣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በማንኪያ ያጎረሰቻትም ረሂማ። ትንሽ ቢጎድል ምን ይሆናል ብላ ራሷን ሸነገለች።

ሆነ እንጂ! ክኒኑ ከየጤና ጣቢያው ተመለሰ። ስብሰባ ተጠራና ካድሬው በሠራተኛው ሁሉ ፊት አንዱን ክኒን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለው። ሰው አፍጥጦ ጠበቀ። ክኒኑ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ አሻጥር ነው! የማን እጅ ነው?»

ረሂማ ወደ ፀሐይነሽ ዞረች። ልጅ ተርቦብኝ ነው ብትል አብሬያት እቆማለሁ ብላ ልቧን አዘጋጅታለች። ፀሐይነሽ ብድግ አለች።

«ጓድ፣ እኔ ሞልቼ መዝኜ ነው የሰጠሁት። ከኔ በኋላ የነካችው እሷ ናት።» ጣቷን ረሂማ ላይ ቀሰረች።

አይ ሰው! ረሂማ ደሟ ፈላ፤ ግን በአላህ ስም ምላለች፣ ምን ትሁን? ሲጠይቋት «አላህ ያውቃል» ብቻ አለች። ለካድሬው ይህ ከማመን ተቆጠረ። ታሰረች። ስትፈታ ሥራዋ የለም፤ ማደባለቂያው ላይ ፀሐይነሽ ቆማለች። ረሂማ ግቢውንም ለቀቀች።

«ጥፋቱን አንቺ ውሰጂልኝ ብትለኝ እወስድላት ነበር» ትል ነበር ረሂማ እያረረች። «ለምናኝ እንቢ ያልኳት ይመስል!»

አንድ ቀን በደሴ ፒያሳ ስታልፍ ገበያነሽን አየቻት። ጉንጯ ሞልቷል፣ ወዝ ወጥቷታል። ልጅቱም «እትዬ ረሂማ!» እያለች እጇን ዘርግታ ሮጠች። ረሂማ ልታቅፋት ጎንበስ ስትል ፀሐይነሽ ከኋላ ደርሳ ልጅቱን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ረሂማን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ነይ ወዲህ» አለቻት ልጅቱን፤ «እሷ ሌባ ናት።»