የእንግሊዙ ካፒቴንና ቀዩ ሸራ ጫማዬ

ትናንት ጓደኛዬ ቤት በር ላይ የጫማ ክምር አየሁ። የጎማና የላብ ሽታው መጣብኝ። የኔን በእጄ ይዤ ገባሁ። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

ጅጅጋ ተረብሻ ሶማሌ ያልሆነ ሁሉ ሲታደን አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሶማሌው ጎረቤታችን፣ ሁላችንም በሶማሊኛ አዴር፣ አጎቴ፣ የምንላቸው ሽማግሌ፣ እናቴንና እኔን ጓዳቸው ደበቁን። ውጭ መስታወት ይሰበራል። ዝም እንድል በሹክሹክታ ታሪክ ያወሩልኝ ጀመር።

«አባቴ በርበራ ላይ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከሰል ያነድ ነበር። እንግሊዛዊው አለቃው መርከብ የገባው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እንዳንቺ ለፍላፊ ሆኖ። መጀመሪያ መድፍ ሲተኮስ ሱሪው ላይ ሸና።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሹመት በሹመት። መሣሪያ የሚያሻግሩ ጀልባዎችን ሲያሳድድ ኖሮ ካፒቴን ሆነ። በትልቁ የዓለም ጦርነት መርከቡ የባሕር ፈንጂ ነካ...»

ያኔ ትዝ አለኝ። እሳቸው ቤት ጫማ አውልቆ መግባት ልማዳችን ነው፤ ያን ቀን እየሮጥን መጥተን እንኳ አውልቀናል። የእናቴ ነጠላ ጫማና የኔ ቀይ ሸራ በር ላይ ናቸው። አዴር ብቻቸውን እንደሚኖሩ ደግሞ ሰፈሩ ያውቃል።

«አዴር፣ ጫማችን...»

እናቴ አፌን ያዘችኝ። በሩ ተንኳኳ።

አዴር ወጡ። ወንዶች በሶማሊኛ ሲያወሩ ሰማሁ፤ አንዱ ሳቀ። ወንዶቹ ሄደው አዴር ሲመለሱ ጫማዎቻችንን በፎጣቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

«ምን አሉዎት?» አለች እናቴ።

ጫማዎቹን ጥግ አስቀመጡና ወደኔ ዞሩ። «የት ደርሼ ነበር?» አሉኝ።

«መርከቡ ፈንጂ ነካ።»

«አዎ» አሉና በሩን ሊቀረቅሩ ተነሡ።

አዴር ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ያን ታሪክ አልጨረሱልኝም፤ ካፒቴኑ ይትረፍ ይስጠም አላውቅም። ትናንት ጫማዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ፣ በሩ ሲንኳኳ እጄ የራሴን አፍ ያዘ።