ከእናቴ መቃብር ላይ የተነቀለው እሬት

ትናንት ከጁምአ ሶላት በኋላ መርሳ ከተማ፣ እናቴ መቃብር አጠገብ ቆሜ ጮህኩ። አዎ፣ መቃብር ውስጥ። እንደዛ ተናድጄ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ስትቀበር እንደ አገራችን ልማድ ራስጌዋ ላይ እሬት ተከልኩ። መቃብር ላይ ያለ ተክል እርጥብ እስከሆነ ድረስ አላህን እያወደሰ ለሟች ተስቢህ ያደርጋል ነው የሚባለው። ሦስት ዓመት ሞላው። ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ... አብቧል! ቀጥ ያለ ብርቱካንማ አበባ። ወልድያ መሥሪያ ቤት ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ ሳሳይ ዋልኩ። ትናንት ደግሞ በዓይኔ ልየው ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ደረስኩ... እሬቱ የለም። በቦታው አንዲት ሚጢጢ ችግኝ ቆማለች። የኔ እሬት ስሩ ወደ ላይ ተገልብጦ አጥር ስር ተጥሏል።

ወዲያው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ውሃ በጀሪካን ይዘው መጡ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ፣ ኮራ ብለው። «አብቦ ነበራ! ያበበ መች ይቆያል? የኔ አጥር ላይ የነበረው ቃጫ ይሄን የሚያህል ዘንግ አውጥቶ አበበና ድርቅ ብሎ ቀረ። እህቴ የደረቀ ነገር ተሸክማ ትኑር? ሳይሞት ለወጥኩላት።»

«አባባ፣ እሬት እኮ ቃጫ አይደለም! ቃጫ ነው አንዴ አብቦ የሚሞተው። የእሬት አበባው ብቻ ይረግፋል፤ እሱ ይኖራል፣ ከርሞም ያብባል! ዕድሜ ልክዎን እሬት ሲያዩ ኖረው ይሄ ይጠፋዎታል? ለመሆኑ ማንን ጠይቀው ነው? የተከልኩት እኔ! እናትነቷም ለኔ!»

ሰው ዞር ዞር እያለ ያየናል። «አንቱ» እያሉም ሰው መስደብ እንደሚቻል ትናንት ነው ያወቅኩት።

አጎቴ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡ።

«ልጠይቅህማ ደውዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ጁምአ ደወልኩ፣ አላነሳህም። በየሳምንቱ ስመጣ አበባው ይረግፋል... የሌላ ሰው ቢሆን ልብም አልለው። የሷ ሲሆን ሊደርቅባት ነው ብዬ ፈራሁና ያለፈው ጁምአ ነቀልኩት።»

ስልኬን ማየት አላስፈለገኝም። ሲደውሉ አይቻለሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ አንዴ ባጃጅ ውስጥ... በኋላ እደውላለሁ ብዬ በዚያው ቀረሁ። ፎቶውን ለማሳየት ግን ቀኑን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

ከዚያ ሁለታችንም እሬቱን ከችግኟ አጠገብ መልሰን ተከልነው። ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጥሎም ቅጠሉ ብዙ አልጠወለገም፤ ኢንሻአላህ ይተርፋል። ውሃውን አጎቴ አጠጡት።

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም... በአጎቴ ግን አይደለም።