የቨርዥን ዘበኛዋ ዌኒንግ

የቨርዥን ዘበኛ ማለት፦ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለሕዝብ የለቀቁት ኮድ፣ ማለትም ላይብረሪ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌር ሲገባ ቨርዥኑን፣ ማለትም የእትሙን ቁጥር፣ አጣርታ የምታስገባ፣ ካስገባች በኋላም በዚያው ቁጥር ቸንክራ የምታስቀር፣ «አዲስ ወጥቷል» በሚል ወሬ የማትደለል ሠራተኛ ናት። በኢንዶኔዥያዋ ከተማ በዮግያካርታ፣ የአውቶቡስ ትኬት ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ቤት፣ ይህን ሹመት የያዘችው ዌኒንግ ነበረች። ሹመቱን የሰጣት ሰው አልነበረም፤ ሊነጥቃት የሚደፍርም እንዲሁ።

የጾሙ ወር ሊገባደድ ሲል፣ ለበዓል ወደየአገሩ የሚገባው ሕዝብ ትኬት የሚገዛበት አዲሱ ሶፍትዌር አንድ ቀን ከማፍጠሪያው አዛን በፊት መውጣት ነበረበት። ካልወጣ የአውቶቡስ ማኅበሩ ውሉን ያፈርሳል። ዌኒንግ ግንባታውን፣ ማለትም ኮዱን ከነላይብረሪዎቹ አንድ ሶፍትዌር አድርጎ የሚያገጣጥመውን ሥራ፣ አስጀመረች፤ ወደቀ። ደገመችው፤ ወደቀ። ጠዋት ያለ እንከን ያለፈው ኮድ አንዲት ፊደል እንኳ አልተነካችበትም።

«ማነው በር ክፍት የተወው?» አለች ወደ ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቿ ዞራ። «ቁጥር ሳይጽፍ ‹የመጨረሻውን አምጣ› ብሎ የሄደ ሰው አለ። ዛሬ ከኛ ኮድ ጋር የማይስማማ አዲስ ቨርዥን ወጥቶ ሰተት ብሎ ገብቷል። አንተ ነህ፣ ባንጉን?»

«እኔ እንኳ አይመስለኝም፣ ምባክ።»

«አይመስለኝም? ሠርግ ተጠርተህ ነው እንዴ የምትግደረደረው? ራትሪ፣ አንቺስ?»

«እሺ ምባክ፣ እናያለን።»

ሁለቱም ስህተቱን ካገኙት ቆይተዋል፤ ከጎኑ የሰፈረው ስምም የዌኒንግ ነበር። ነገር ግን «ምባክ» ብለው እንደ ታላቅ እህት የሚያከብሯትን ሴት ጥፋቷን ፊት ለፊት መንገር በጃቫ ደሴት ሰዎች ዘንድ ውሉ ከመፍረሱ የከፋ ነውር ነው። ስለዚህ ራሷ እስክትደርስበት በጨዋነት ጠበቁ። እርሷ ላይብረሪዎቹን አንድ በአንድ ስትበረብር ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። እንደ አባት «ፓክ» የሚሏቸው አለቃቸው፣ ፓክ ዳርሶኖ፣ በበሩ ብቅ ብለው ሰዓታቸውን አዩና ተመለሱ፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ምባክ...» አለች ራትሪ በመጨረሻ፣ «ቀን የሚያሰላው ላይብረሪ ደህና ነው? እንዲያው ዝም ብዬ ነው።»

«እሱንማ ያስገባሁት እኔው ነኝ!»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ባንጉን፣ ጣሪያውን እያየ።

ዌኒንግ ፋይሉን ከፍታ አነበበች፤ በቁጥሩ ቦታ «የመጨረሻውን አምጣ» ይላል። ጆሮዋ ቀላ። የቀድሞውን ቁጥር ጻፈች፤ ግንባታውንም አስነሳች። አረንጓዴው ምልክት በራ፤ ወዲያው አዛኑ ተሰማ።

ፓክ ዳርሶኖ የተምር ሳህን ይዘው ገቡ። «እሰይ ልጆቼ! ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነበር?»

«በር ክፍት ያገኘው የነፋስ ነው፣ ፓክ» አለች ራትሪ።

ዌኒንግ ተምሩን ጎርሳ፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ መሰከረች።