ዙፋኑን ለአጎቱ የተወው ንጉሥና አዴ ካማላ

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከነቀምቴ ገበያ በታች፣ ከእኛ ጋር አጥር በሚጋራው የቆርቆሮ ቤት፣ ከህንድ አገር የመጡ የሒሳብ መምህር ከባለቤታቸው ጋር ሊገቡ ነው ተባለና መንደሩ ሁሉ ሥራውን ትቶ በአጥር ቀዳዳ ያይ ጀመር። እኔም አየሁ። ከመኪናው የወረዱት ሴት ቀይ ረጅም ጨርቅ ተጠቅልለው፣ በአንድ እጃቸው ድስት፣ በሌላው ባኮ ላይ የገዙትን የሙዝ ችግኝ ይዘው ነበር። ቤቱን ሳያዩ፣ ዕቃው ሳይወርድ፣ መጀመሪያ ችግኙን ተከሉ። «እኚህስ ሊቆዩ ነው የመጡት» አለች እናቴ።

እውነትም ቆዩ። እኚያ ሴት፣ አገር ምድሩ «አዴ ካማላ»፣ እማማ ካማላ እንደ ማለት፣ እያለ የሚያከብራቸው፣ ባለፈው ሳምንት ከአጭር ሕመም በኋላ በዚሁ በነቀምቴ አርፈዋል። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ መርፌና ክር ላስያዟቸው ልጃገረዶች፣ በበርበሬ ዋጋ ሲሟገቷቸው ለኖሩት ነጋዴዎች፣ ወደ አያናና ወደ ሌላው አውራጃ ተበትነው ወሬው ላልደረሳቸው የመምህሩ ተማሪዎች።

አዴ ካማላ ኦሮምኛን ከገበያ፣ አማርኛን ከእኔ ተማሩ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደልን የለቀምኩት ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ሲያጠና ከትከሻው በላይ እያየሁ ነው። ይህን ሲሰሙ እጄን ያዙና «አስካሌ፣ አንቺ ፊደል ስጪኝ፣ እኔ ታሪክ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። በዚህ ውል ዓመታት አሳለፍን። ውሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ፊደሉ አለቀ፣ የእሳቸው ታሪክ ግን አላለቀም።

መንደሩ መጀመሪያ ፈርቷቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ደጃቸውን ጠርገው በነጭ ዱቄት እንደ ጥልፍ ያለ ነገር መሬቱ ላይ ይሥሉ ነበርና «ድግምት ነው» ተባለ። ውሃ ቀጂዎች መንገድ አሳብረው ያልፉ ጀመር። እኔ በድፍረት ጠየቅኳቸው። «ለጉንዳን ቁርስ ነው» አሉኝ ሳቅ ብለው። «እነሱም ቤተሰብ አላቸው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያጎርሰው ፍጥረት ይኑረው።» «ድግምት» ብላ ያስወራችው ጎረቤታችን ልጇ ተቅማጥ ይዞት ሊሞት ሲደርስ፣ ውሃ እያፈሉ፣ በማንኪያ እያጠጡ፣ ዓይኑን እስኪገልጥ ድረስ ከአጠገቡ ያልተነሡት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያቺው ሴት ሥዕሉን የሚረግጥ ዶሮ ስታይ በድንጋይ ታባርር ነበር።

ታሪኮቻቸው ሁሉ ግን የሚያደርሱት ወደ አንድ ሰው ነበር። የተወለዱበት ከተማ ታንጃቩር ይባላል። በዚያ ከተማ አንድ የድንጋይ ግንብ ቤተ መቅደስ አለ፤ ልጅ ሳሉ ጫፉን ለማየት አንገታቸውን እስኪያማቸው ድረስ ቀና ይሉ ነበር። ያሠራው ንጉሥ ራጃራጃ ይባላል፤ የቾላ ነገሥታት ዘር ነው፣ ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው። አዴ ካማላ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ልክ በሚቀጥለው ክፍል የተቀመጠ ይመስል። «ድንጋዩ እኮ በአገሩ የለም» ይሉኛል። «ከሩቅ አምጥተው ነው፤ ዝሆንና ሰው ጎትቶት። የመጨረሻውን፣ የጫፉን ድንጋይ ለማውጣት ከሌላ መንደር የጀመረ ዳገት በአፈር ደለደሉ ይባላል። እኔ ዳገቱን አላየሁም። ድንጋዩን ግን አይቻለሁ፤ እላይ አለ።» ያዩትንና የሰሙትን ሁልጊዜ እንዲህ ይለዩ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ፤ ወጡ ያርራል።

አሁን የቤታችንን ነገር ልናገር፤ ሳልናገር ብቀር አዴ ካማላን አሳነስኳቸው ማለት ነው።

አባታችን ሲሞት በአኖ በኩል፣ ከወንዙ አፋፍ፣ ሰፊ የቡና መሬት ትቶ ነበር። ታደሰ የአባቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ነውና «የአባቴ አንጋፋ እኔ ነኝ» አለ። የአባታችን ወንድም ኦቦ ጉደታ ደግሞ፣ እኛ በአገሩ ቋንቋ «አቤራ» የምንላቸው፣ «ወንድሜ ካለፈ የቤቱ አንጋፋ እኔ ነኝ» አሉ። ነገሩ ከሽማግሌ ፊት ደረሰ። የሽማግሌዎቹ ልብ ወደ ታደሰ ማዘንበሉን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አቤራም ያውቃሉ። «ሬሳዬን ተሻግሮ ይግባ» ማለታቸው ተሰማ። ታደሰም ይህን ሰማ። በማግስቱ ወንፊት ስፈልግ ከእህል ጎተራው ጀርባ በጆንያ የተጠቀለለ ምንሽር ጠመንጃ አገኘሁ።

እያለቀስኩ ወደ አዴ ካማላ ሮጥኩ። እየሰፉ ነበር፤ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው አስቀመጡት።

«አጎትሽ ታሪክ ይወዳሉ?»

«ከማር ይበልጥ።»

«እንግዲያው እሑድ ከሰዓት ለምሳ እጠራቸዋለሁ። በገበያ እንተዋወቃለን፣ ማራቸውን ሁልጊዜ የምገዛ እኔ ነኝ። አንቺ ወንድምሽን አምጪው።»

«አዴ! የተጣላ ሰው በአንድ መሶብ አይቀርብም እኮ!»

«በእኔ ቤት መሶብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

እሑድ ደረሰ። አቤራ ጉደታ ቀድመው ገቡ፤ ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ታደሰ ሲገባ ሊወጡ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እሱም ከበሩ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ አዴ ካማላ ከጓዳ ብቅ አሉና ምንም እንዳላዩ ሆነው በእያንዳንዱ ሰው ፊት የታጠበ የሙዝ ቅጠል ዘረጉ። ለመምህሩ አንድ፣ ለአቤራ አንድ፣ ለታደሰ አንድ፣ ለእኔ አንድ። ሁሉም የየራሱን ይበላል፤ የማንም እጅ ከማንም እጅ ጋር አይገናኝም። በአገራችን ደንብ ባለጋራ ከባለጋራው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም፤ ይኸ ግን አንድ ማዕድ አልነበረም። ስለዚህ ለመውጣት ምክንያት ታጣ። አቤራ ቅጠሉን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«አዴ ካማላ፣ ይሄ ለከብት ነው ወይስ ለሰው?»

«ሩዙ ለሰው፣ ቅጠሉ ለከብት። ማንም አይጣላም» አሉ። መምህሩ ሳቁ። ታደሰ ተቀመጠ።

ሲበሉ አዴ ካማላ ጀመሩ። «በአገሬ አንድ ንጉሥ ነበረ። ስሙ በእኛ ቋንቋ የነገሥታት ንጉሥ ማለት ነው።»

አቤራ ጉርሻቸውን ይዘው ወደ በሩ ዞር አሉ። «ቀስ ይበሉ እንጂ! የነገሥታት ንጉሥ አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም አዲስ አበባ ናቸው።»

«ይሄኛው ከሞተ ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ግድ የለም፣ ይቀጥሉ» አሉና ጎረሱ።

አዴ ካማላ ቀጠሉ። ይህ ንጉሥ ገና ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ አልጋ ወራሽ ነበር፤ በሸር ገደሉት። አባትየው ንጉሥ በሐዘን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ልጁን «አንተ ንገሥልን» አለው። ሠራዊቱም ይወደው ነበር።

«ጥሩ!» አለ ታደሰ። ከገባ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ግን አጎት ነበረው» አሉ አዴ ካማላ። «አጎቱም ዙፋኑን ወደደ።»

አቤራ መብላት አቆሙ። «ማል ጄታ?» አሉ፣ ምን አልሽ ማለት ነው፤ ከአክብሮቱም ወርደው። «አንቺ ሴትዮ፣ ጠርተሽ ልትሰድቢኝ ነው?»

«ኦቦ ጉደታ፣ ይቀመጡ። አጎትየው ክፉ ሰው አልነበረም። ከአሥር ዓመት በላይ ገዛ፤ በአገሬ የሚረግመው ሰው አልሰማሁም።»

«ታዲያ ልጁ ምን አደረገ? ተዋጉ?»

«አልተዋጉም። ልጁ፣ አጎቴ ዙፋኑን ወዶ እስካለ ድረስ እኔ በልቤም አልመኘውም አለ። በመዳብ ላይ ተቀርጾ ተጽፏል። በአፌ አልጠይቅም ማለቱ አይደለም፤ በልቤም።»

ታደሰ ቅጠሉን ገፋ አደረገው። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ፈሪ ነበር ማለት ነው» አለ።

አዴ ካማላ ያን ቃል ሲጠብቁ የቆዩ ይመስለኛል። ድምፃቸው እንደዚያ ቀን ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

«ፈሪ? ተራው ሲደርስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነገሠ። በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ ያሉትን ነገሥታት አንድ በአንድ አስገበረ። መርከብ አሠርቶ ባሕር ተሻገረ፤ ላንካ የምትባለውን ትልቅ ደሴት እኩሌታ ያዘ። የደሴቲቱ ሰዎች እስከ ዛሬ በደግ አያነሡትም፤ ከተማቸውን አፍርሷልና እውነታቸው ነው። ፈሪ መሆኑን እነሱን ጠይቃቸው! የአገሩን መሬት እስከ ትንሿ እርሻ አስለካ። ያንን ቤተ መቅደስ አቆመ። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችል ክንድ፣ ታደሰ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። እኔን ከጦርነቶቹ ሁሉ ይልቅ ያ መታጠፉ ይደንቀኛል።»

«ዱጋ» አሉ አቤራ በዝግታ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። ለማን እንዳሉት ግን እንጃ።

ታደሰ ድምፁ ተለውጦ ጠየቀ። «አጎቱ በኋላ ለእሱ አወረሰው?»

«ለእሱ አወረሰው፤ የራሱ ልጅ እያለ። ግን ወጣቱ ዙፋኑን ሲተው ይህን አያውቅም ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ግንቡ ላይ ንጉሡ ያስቀረጸውን ነገሩኝ፤ እሱ የሰጠውን፣ ታላቅ እህቱ የሰጠችውን፣ ሚስቶቹ የሰጡትን፣ ሌላውም ሰው የሰጠውን፣ መብራት እንዳይጠፋ ቅቤ የሚያመጡ እረኞችን ሳይቀር አጽፎበታል። «ታላቅ እህቱ ከሚስቶቹ በፊት ናት» አሉኝ። «ዙፋኑን በተወበት ዓመት ምን እንደመከረችው አልተጻፈም። እኔ ግን ዝም ብላ የተቀመጠች አይመስለኝም።»

ወደ ቤት ስንሄድ ታደሰን ክንዱን ይዤ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናገርኩት። «ከጎተራው ጀርባ ያለውን አይቻለሁ» አልኩት። በማግስቱ ጆንያው ባዶውን ተጣጥፎ አገኘሁት።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ዕለት ሴቶች ራቅ ብለን ቆመን ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፍርዱን ሊናገሩ ሲሉ ታደሰ ተነሣ፤ ዱላ እንኳ አልያዘም። «አባቶቼ፣ መሬቱን ለእኔ ብትሉም አልወስድም» አለ። «አቤራዬ ወደውታል። እሳቸው ወደውት እስካሉ ድረስ እኔ በልቤም አላስበውም።» ከኋላ አንዱ «ፈራ!» ሲል በግልጽ ተሰማ። ወንድሜ ዞር ብሎ አላየም። አቤራ ጉደታ ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ድንጋይ የሚጎትት ዝሆንም፣ ሰማይ የሚነካ ግንብም አላየሁም። በዚያ ቀን ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

ታሪኩ እንደ ተረት አማረ ብዬ ልጨርሰው አልችልም። ዓመታት አልፈዋል፤ መሬቱ ዛሬም በአቤራ እጅ ነው፣ ወንዶች ልጆችም አሏቸው። ታደሰ አያና ላይ ድሬሰር ሆኖ ቁስል ያጥባል። «ሞኝ ወንድም አለሽ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ሆድ ብሶኝ አዴ ካማላን «ይመልሱለት ይሆን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዱቄታቸውን እየነሰነሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ንጉሡም አያውቅም ነበር» አሉኝ።

አዴ ካማላ፣ እንግዲህ ወደ እርስዎ ልመለስ። ደኅና ይሁኑ። ባሕር ተሻግረው መጥተው የእኔን ወንድም ከእስር፣ የአጎቴን ደም ከመፍሰስ ያዳኑልኝ ሴት፣ የፈጠረዎ ነፍስዎን ይቀበል። የነገሩኝን ንጉሥ ያህል ሰው አገሬ ላይ ቆሞ ለማየት አብቅተውኛልና ምስጋናዬ አያልቅም። እርስዎ ካረፉ በኋላ የሆነውን የሚነግርዎ ስለሌለ ግን እኔ ልንገርዎ።

መምህሩ በእናንተ ሥርዓት አስከሬን በውሃ ዳር በእሳት እንደሚሸኝ ሲናገሩ ከተማው ደነገጠ። ክፉ የተናገረ የለም፤ ቦታ የሚሰጥም፣ ለዚህ እንጨት የሚሸጥም ግን ጠፋ። መምህሩ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ለገበያ መጥተው የነበሩት አቤራ ጉደታ ሰምተው መጡ። ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቁ። «እንጨትና ውሃ» አሉ መምህሩ። «ሁለቱም አሉኝ» አሉ አቤራ። በጭነት መኪና ወደ አኖ ወሰድንዎ። ታደሰም ከአያና ደረሰ። ከቡናው በታች፣ ከወንዙ ዳር፣ አቤራ ጥላ ይሁነኝ ብለው ያሳደጉትን ዋንዛ አስቆርጠው ነበር። የግንዱን አንድ ጫፍ በሽማግሌ ትከሻቸው አነሡና ታደሰን «ያን ጫፍ ያዝ» አሉት። ያዘው፤ ሁለቱ ተሸክመው ወደ ውሃው ዳር አወረዱት።